ኢስታንቡል ላይ ከኬባብ ውጭ ምን እንብላ?

ቤቲ በጉዞ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር ኢስታንቡል ልንሄድ ነው። ለንግድ አይደለም፣ ለሽርሽር ነው። ሆቴል የያዝነው ላሌሊ ነው፤ ትራሙ ቅርብ ነው ተብለናል።

ጥያቄዬ ሆድን የሚመለከት ነው። ባለፈው ውጭ አገር የወጣሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነበር። የማያውቁት ምግብ ሲቀርብ ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች ናቸው። ሄድን፣ የሆቴሉን ሩዝና ዶሮ በላን፣ ተመለስን። አሁን ግን ከእህቴ ጋር ስለሆንኩ ልቤ የፈቀደውን መብላት እፈልጋለሁ። የሆድ ዕቃ አልፈራም። ጎምዛዛ ነገር ነፍሴ ነው። «ይሄንን ካልቀመስሽማ ኢስታንቡል አልሄድሽም» የሚባለውን ንገሩኝ።

የሚያስጨንቀኝ ግን አለ። እህቴ የነቢያትን ጾም ትጾማለች፤ ዓሣም አትበላም። እሷን ዳቦና ሰላጣ ላይ ጥዬ እኔ ሥጋ ስቆርጥ መታየት አልፈልግም። ቱርክኛ ደግሞ አንድ ቃል አላውቅም፤ ሜኑ በስልክ እያስተረጎምኩ ስንት ሰዓት ልቀመጥ? እና ደግሞ ቱሪስት ሲያዩ ዋጋ ይቆልላሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሥጋ በቢላ የሚሸልት ሰውዬ፣ አይስክሬም እየሰጠ የሚነጥቅ ሰውዬ። እባካችሁ ኖራችሁበት ወይ ደጋግማችሁ ሄዳችሁ የምታውቁ ጻፉልኝ።


የካድኮዩ ልጅ፦

ቤቲ፣ እኔ እዚህ ተምሬ እዚሁ ሥራ ይዤ የቀረሁ ሰው ነኝ። ካርጎ ላይ ነው የምሠራው። ከመጋዘን መጋዘን ስዞር ስለምውል ምሳዬን የምበላው ከሹፌርና ከተሸካሚ ጋር ነው። ስለዚህ ፎቶ የሚያምርበትን ሬስቶራንት ከኔ አትጠብቂ።

ከቋንቋው እንጀምር፤ እሱ ከተፈታ ሌላው ቀላል ነው። ሜኑ የማያስፈልግበት ቤት ግቡ። ኤስናፍ ሎካንታ ይባላል፤ የሠፈሩ ባለሱቅና ሠራተኛ ምሳ የሚበላበት ቤት ነው። እንደገባችሁ ረጅም የመስታወት ባንኮኒ ታያላችሁ። ውስጡ ትሪ በትሪ ነው፣ ከሥር በእንፋሎት እየሞቀ። ከኋላው ነጭ የለበሰ ሰውዬ ጭልፋ ይዞ ቆሟል። በጣትሽ ታሳዪዋለሽ፣ ያወጣልሻል። በቃ። ቱርኮቹም እንደዚሁ ነው የሚያዙት፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

አንድ ቃል ብቻ ያዢ፦ «አዝ»። ትሪውን አሳይተሽ «አዝ» ካልሽ ግማሽ የሚሆን ያወጣልሻል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሰውን የሚያስፈራው እኮ ምግቡ አይደለም፣ የማያውቁት ምግብ ሙሉ ሳህን ፊት ለፊት መቀመጥ ነው። «ካልወደድኩትስ? ገንዘቡስ? አስተናጋጁስ ምን ይለኛል?» እያሉ መጨነቅ። በትንሽ በትንሹ ሦስት አራት ዓይነት አዝዛችሁ መሐል ላይ አድርጉት። አንዱ ባይጥምሽ ሌላው አለ። እኔ ዛሬ የምወደውን ምግብ ሁሉ የለመድኩት በ«አዝ» ነው።

ሰዓት ጠብቁ። እነዚህ ቤቶች ጠዋት ያበስላሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ያቀርባሉ፣ ሲያልቅ አለቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ የሚጠብቃችሁ የትሪ ጥግ ላይ የደረቀ ሩዝ ነው። ስለዚህ ከምሳ ሰዓት ትንሽ ቀደም በሉ። ትሪው ሙሉ ሆኖ ሲታይ ለዓይንም ደስ ይላል።

አንቺ ሑንካር ቤየንዲ ካየሽ እንዳታልፊው። ደበርጃኑን ልጡ እስኪከስል ድረስ እሳት ላይ ይጠብሱታል። ልጡን ይገፉና ውስጡን በቅቤ፣ በወተትና በትንሽ ዱቄት እያማሰሉ እንደ ቀጭን ገንፎ ያደርጉታል። ከላይ የጠቦት ሥጋ ከነመረቁ ይገለበጥበታል። ስትጎርሺው መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል፣ ቅቤው ኋላ ነው። እጅ ያስቆረጥማል።

ለእህትሽ ደግሞ ምን አለፋሽ፣ አገሩ የእሷ ነው። ዘይቲንያሉ የሚባል ሙሉ የምግብ ዘርፍ አለ። አትክልቱ በወይራ ዘይት በዝግታ ይበስልና ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም። ፎሶሊያ በቲማቲም፣ የተሞላ ደበርጃን፣ የወይን ቅጠል በሩዝ። እናንተ በምትመጡበት ወቅት የባሮ ሽንኩርት ጊዜ ነው፤ ከካሮትና ከጥቂት ሩዝ ጋር ይሠሩታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። እኔ ጾም ሳይኖርብኝ እበላዋለሁ።

ግን ጠንቀቅ የምትልበት ነገር አለ። የወይን ቅጠሉ ሁለት ዓይነት ነው። ቀዝቃዛው የዘይት ነው፤ ሙቅ ሆኖ በእርጎ የሚቀርበው ውስጡ የተፈጨ ሥጋ አለው። ነጩ ሩዝ የዋህ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ በቅቤ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዴም በዶሮ መረቅ። የምስር ሾርባም እንዲሁ፤ ስሙ ምስር ይሁን እንጂ መረቁን ሳይጠይቁ መጠጣት አይቻልም። ነጩ የቦሎቄ ወጥ ውስጥም ሥጋ ወይ ቅቤ ሊገባ ይችላል። «ኤት ሱዩ ቫር ም?» ብላ ትጠይቅ፤ የሥጋ መረቅ አለው ወይ ማለቷ ነው። «ቴሬያ ቫር ም?» ደግሞ ቅቤውን ነው። እጅሽን ዘርግተሽ ወደ ትሪው እያሳየሽ ከጠየቅሽ ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ይመልስልሻል። ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ምላሱን ቀጭ ካደረገ «የለም» ነው፤ ተቆጣኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ይሄ ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲገኝላችሁ ከፈለጋችሁ ኡስኩዳር ላይ ካናት ሎካንታሱ የሚባል ቤት አለ። ከ1933 ጀምሮ የሚሠራ ነው። የዘይቲንያሉው መደርደሪያ ብቻውን አንድ ግድግዳ የሚያህል ነው። መጠጥ አይሸጡም። ከኤሚኖኑ በጀልባ ተሻግራችሁ ትንሽ በእግር ነው።


ጨጓራዬ ይቅደም፦

የካድኮዩ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ልጅቷ ስለ ዋጋ ጠይቃለች እኮ። እኔ ልመልስ፤ ቆስያለሁና።

ባሕሩ ዳር ተደርድረው ካሉት የዓሣ ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። አስተናጋጁ መንገድ ላይ ወጥቶ እጃችንን ይዞ ሊያስገባን ምንም አልቀረውም። ትልቅ ዓሣ በትሪ አመጣ፣ «ትኩስ፣ ትኩስ» አለ፣ እሺ አልን። ዋጋው በኪሎ ነው። ዓሣውን የመዘኑት ግን ጓዳ ገብተው ነው። ሳናዝ የመጣ ሰላጣ፣ ሳናዝ የመጣ ለውዝ፣ ሳናዝ የመጣ ውሃ። ሒሳቡ ሲመጣ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ካልኩሌተር ላይ ተጣድን። ብንጨቃጨቅም ከፈልን።

ስለዚህ ቤቲ፦ በር ላይ ቆሞ የሚጠራ ካለ እለፉ። ዋጋው የሌለበት ሜኑ ካያችሁ ተነሡ። ዓሣ ከሆነ ፊታችሁ ይመዘን፣ ዋጋውን በወረቀት ይጻፍላችሁ።

የመንገድ ላይ ምግብን በተመለከተ እኔ ፈሪ ነኝ። የቧንቧ ውሃም አልጠጣም፣ ነዋሪውም የታሸገ ነው የሚጠጣው። ያ ጥቁር ዛጎል ውስጥ ሩዝ የሚጠቀጥቁበት ነገርማ እንኳን ልበላው ሳየውም ይዞረኛል።


ቤቲ በጉዞ፦

ኧረ ተባረኩ! እህቴ «አዝ»ን ከአሁኑ እየተለማመደች ነው። ቤት ውስጥ ጭልፋ በተያዘ ቁጥር «አዝ» ትለኛለች።

የካድኮዩ፣ ስለኔ ግን ደበርጃኑን ብቻ ነገርከኝ። አንጀት ይጠበሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ጨጓራ ሾርባም አለ አሉ። ደግሞ ዶሮ የገባበት ጣፋጭ አለ የሚለው ውሸት ነው አይደል? እና ያ ጥቁር ዛጎሉ፣ ጨጓራዬ ይቅደም እንዳለው ያስፈራል ወይስ ይበላል?


የካድኮዩ ልጅ፦

ውሸት አይደለም። ታቩክ ጎውሱ ይባላል። የዶሮ ፈረሰኛ ተቀቅሎ ክር እስኪሆን ይሰነጣጠቃል፣ ከወተት፣ ከስኳርና ከሩዝ ዱቄት ጋር ተማስሎ ይረጋል። ከላይ ቀረፋ። የዶሮ ጣዕም ፈልገሽ አታገኚም፤ ምላስሽ ላይ የሚሳብ ነገር ብቻ ይሰማሻል። ከኦቶማን ቤተ መንግሥት ጀምሮ የሚበላ ነው። ይበልጥ የምመክርሽ ግን ካዛንዲቢውን ነው፤ ያው እሱኑ የትሪው ሥር እንዲያር አድርገው ይጠቀልሉታል። ያረረው ጎን ጣፋጩን ያስታግሰዋል። ሙሃሌቢጂ የሚባሉት የወተት ጣፋጭ ቤቶች ውስጥ ሁለቱም አሉ። አሁንም «ዶሮ ነው» ብለሽ ለሰው ከመቅመሱ በፊት አትንገሪ፣ ካስቀመስሽ በኋላ ንገሪ።

አንጀቱ ኮኮሬች ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሳይቀምሰው ነው የሚያማው።

የጠቦት አንጀት ነው። በደንብ ታጥቦ፣ ሌላውን የሆድ ዕቃና ስብ መሐል አድርገው በረጅም ብረት ላይ ይጠመጥሙታል፣ ልክ ክር በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ጥቅጥቅ አድርገው። ብረቱ ከሰል ላይ በአግድም ይሽከረከራል። ስቡ ቀስ እያለ እየቀለጠ ራሱን ይቀባዋል፣ ውጪው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ስታዢ ሰውዬው ጫፉን ይቆርጥና ምጣዱ ላይ ያደርገዋል። ከዚያ ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሮ በሁለት ቢላ ይከትፈዋል። ድምፁን ከመንገዱ ማዶ ትሰሚዋለሽ። ጦስኝና የተፈጨ ቀይ በርበሬ ይበተንበታል፣ ትኩስ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ሽታው የጦስኝ ነው። «ቼይሬክ» በይ፤ ሩብ ዳቦ ይሰጥሻል። ለመሞከር እሱ ይበቃል። ከአይራን ጋር ነው የሚሄደው፣ ማለትም ጨው የገባበት ቀጭን እርጎ።

እንዴት ያለ ቤት ይመረጣል ካልሽኝ፣ ብረቱን እይ። ቀኑን ሙሉ እየተቆረጠ የሚያጥር ብረት ያለበት ቤት ጥሩ ነው። ሁሌም ወፍራም ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ማንም እየገዛው አይደለም።

ለጥቁር ዛጎሉም ይኸው ሕግ ይሠራል። ሚድዬ ዶልማ ነው ስሙ። የባሕር ሥጋው ከቅመም ሩዝ ጋር ዛጎሉ ውስጥ ይሞላል። ሻጩ አንዱን ይከፍታል፣ በላዩ ላይ ሎሚ ይጨምቃል፣ ይሰጥሻል። በባዶው ክዳን እየጠረግሽ ትበያለሽ። እስክታቆሚ ድረስ እየከፈተ ይሰጥሻል፣ መጨረሻ ላይ ባዶውን ዛጎል ይቆጥራል። በጣም ይጣፍጣል። ግን ትሪ ተሸክሞ ከሚዞር ሰው፣ በተለይ በሙቀቱ ወራት ፀሐይ፣ አልገዛም። ፍሪጅ ያለበት፣ ሰው የሚጋፋበት ሱቅ ገብተሽ ብዪ። ጨጓራዬ ይቅደም እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው።

ጨጓራ ሾርባው፣ ኢሽኬምቤ፣ የማታ ምግብ ነው። ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ ብቻውን ከጠጣሽው ምንም አይልም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አቼቶ አለ፤ እሱን በማንኪያ ጨምሪ፣ በርበሬውን በትኚ፣ ከዚያ ቅመሺ። ሌላ ምግብ ይሆናል። አምሽተው የወጡ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጎራ የሚሉበት ነው፣ አንዳንዱ ሾርባ ቤት እስኪነጋ ክፍት ነው። ሽታው ከበር ይቀበልሻል፣ እሱን ካለፍሽ አለፍሽ።

ጎምዛዛ ካልሽ ደግሞ የቱርሹ ቤቶች አሉ። ቱርሹ በጨውና በአቼቶ የተቀመጠ አትክልት ነው፤ ጎመኑ፣ ኪያሩ፣ ያልበሰለ ቲማቲሙ፣ ሁሉም በትልልቅ ብልቃጥ መስኮት ላይ ተደርድሮ ታዪዋለሽ። ውሃውን በብርጭቆ ይሸጡታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠጪ ዓይንሽ ይጨፈናል። ለእህትሽም ይሆናል።

እና እባክሽ፣ ኤሚኖኑ ድልድዩ ሥር ዓሣ በዳቦ ስትበዪ ከፊትሽ ካለው ባሕር የወጣ አይምሰልሽ። ብዙውን ጊዜ ከኖርዌይ በበረዶ የመጣ ማኬሬል ነው። ብዪው፣ አልከለከልኩሽም፣ ነፋሱና ግርግሩ ደስ ይላል። የኢስታንቡልን ዓሣ ከፈለግሽ ግን ፓላሙት ወይም ሉፈር ብለሽ ጠይቂ። ትልልቆቹ የዓሣ ጀልባዎች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳያጠምዱ ክልከላ አለ። እናንተ በምትመጡበት ጊዜ ግን ዋናው ወቅቱ ነው። ሐምሲ የምትባለው ትንሿ ዓሣም ብርዱ ሲገባ ትጀምራለች፤ በበቆሎ ዱቄት ተለውሳ ትጠበሳለች፣ ከነአጥንቷ ትበላለች።


ሐያት ጨርቃጨርቅ፦

ቤቲዬ፣ እኔ ላሌሊ የምመላለሰው ለዕቃ ነው፣ ዓመታት ሆነኝ። የካድኮዩ ወንድሜ ሁሉን ነገር ማዶ አሻገረብሽ፤ እሱ የሚኖርበት ስለሆነ ነው። ላሌሊ ያረፈ ሰው እኮ ምርጡ ነገር በእግሩ መንገድ ላይ ነው ያለው።

ከሆቴላችሁ ወጥታችሁ ወደ ትልቁ የድንጋይ የውሃ መተላለፊያ ሂዱ፣ ቦዝዶዋን ኬሜሪ ይባላል፣ ሮማውያን የሠሩት ነው። ከሱ ሥር አለፍ ስትሉ ካድንላር ፓዛሩ የሚባል ገበያ አለ፣ ፋቲህ ውስጥ። የሢርት ሰዎች ሠፈር ነው፤ ሢርት በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ቡርያን ትበያለሽ። በጉን ጥልቅ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ሰቅለው፣ አፉን ደፍነው፣ ሰዓታት ያቆዩታል። ሲወጣ ቆዳው የተጠበሰ፣ ሥጋው በጣት የሚፈርስ ነው። ቆራርጠው ትኩስ ቂጣ ላይ ያደርጉልሻል፣ ጨው፣ ሌላ ምንም የለም። ቅባት አለው፣ አልዋሽሽም፣ ከዚያ በኋላ ሻይ ግድ ነው። እኔ ጠዋት ነው የምሄደው፣ ምክንያቱም የጎድኑ ሥጋ ቶሎ ያልቃል። ከየትኛው ክፍል እንደምትፈልጊ ጠቁሚ፣ ዝም ካልሽ የደረሰበትን ነው የሚሰጥሽ።

እዚያው ፔርዴ ፒላቩ የሚባል አለ። ሩዝ ከዶሮና ከአልመንድ ጋር፣ በሊጥ ተሸፍኖ በትንሽ ድስት ይጋገራል። ሲገለብጡት ቆብ ይመስላል። በሥርግ ላይ የሚቀርብ ምግብ ነው።

ከዚያ ስትመለሱ ቬፋ ላይ ቁሙ። ቬፋ ቦዛጅሱ ከ1876 ጀምሮ ቦዛ የሚሸጥ ቤት ነው። ቦዛ እህል ተቀቅሎ፣ ተጠልሎ፣ ስኳር ገብቶበት ትንሽ እንዲቦካ የሚደረግ ወፍራም መጠጥ ነው። የብርድ ወራት ነገር ስለሆነ ወቅታችሁ ነው። ቀረፋ ነስንሰው በብርጭቆ ይሰጡሻል፣ ከማንኪያ ጋር። ከመግባታችሁ በፊት ግን ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሱቅ ትኩስ የሽምብራ ቆሎ ግዙ። ሰው ሁሉ ይዞ ገብቶ ቦዛው ላይ እየበተነ ነው የሚበላው። ግድግዳው ላይ አታቱርክ ጠጣበት የሚሉት ብርጭቆ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ለታላቅ እህትሽ ወተት የለበትም። ትንሽ እንደሚቦካ ግን ንገሪያት፣ ራሷ ትወስን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን አትመኚ። የሊራው ንረት ከባድ ስለሆነ የአምና ሜኑ ዘንድሮ ተረት ነው። በር ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። ሳታዢ የሆነ ነገር ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡ «ኢክራም ም?» በያቸው፤ ግብዣ ነው ወይ ማለት ነው። «ኢክራም» ካሉሽ ብዪ። ሻይ ብዙ ጊዜ ኢክራም ነው፣ እምቢ አትበዪ፣ ይቀየማሉ። ቲፕ አስር ከመቶ ገደማ ከተውሽ ጨዋ ነሽ፤ በትሪ ቤት ደግሞ የተረፈውን ሳንቲም መተው ይበቃል።


የካድኮዩ ልጅ፦

ሐያት እጄን ሰጠሁ። ቡርያኑን አለማንሳቴ ነውር ነው። ግን ማዶ ያለውን ሠፈሬን ካድኮይን አትንኪብኝ።


ሐያት ጨርቃጨርቅ፦

ያ ሁሉም የሚጽፍለት ቺያ የሚባለው ቤት አይደል? ወረፋ፣ ግፊያ፣ ትንሽ ሳህን። በዚያ ገንዘብ ፋቲህ ላይ ሁለት ሰው ይጠግባል።


የካድኮዩ ልጅ፦

ለጥጋብ ከሆነ ልክ ነሽ። ቺያ ግን የሚኬደው ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ለመቅመስ ነው። ባለቤቱ ሙሳ ዳውዴቪሬን ከ1987 ጀምሮ ነው እዚያ ያለው። ሰውዬው ገጠር ለገጠር እየዞረ የተረሳ ምግብ ይሰበስባል። ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል፤ የበረሃ ቅጠል፣ ከፍሬ ጋር የተቀቀለ ሥጋ፣ በእርጎ የበሰለ እሸት ነገር። ቀዝቃዛው ክፍል ላይ ራስሽ ታነሺና ሳህኑ ይመዘናል፣ ስለዚህ ቁንጥር ቁንጥር እያደረግሽ አስር ዓይነት መቅመስ ትችያለሽ። ቤቲ የምትፈልገው ይሄንን መሰለኝ። እህቷም እዚያ ብዙ የሚሆናት ታገኛለች፣ ግን አንድ በአንድ ትጠይቅ፣ እርጎ ያልጠረጠሩት ቦታ ይገባል።

ጣፋጩን ሳትቀምሱ አትውጡ። የወይራ ፍሬ በስኳር፣ ቲማቲም በስኳር፣ ገና ያልጠነከረ ዋልነት ከነልጡ በስኳር። ዋልነቱ ጥቁር ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ከሰል ይመስላል። ስትነክሺው ትንሽ ይጠነክርና ይለቃል፣ ከውስጡ ሽሮፑ ይወጣል። እኔ ከወይራው ጋር አልተስማማሁም። ሞክሬዋለሁ፣ በቃኝ። ዋልነቱን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዤ እሄዳለሁ።


ጨጓራዬ ይቅደም፦

ቲማቲም በስኳር? እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችኋል?


ቤቲ በጉዞ፦

ሃሃ እኔ ቲማቲሙንም ዋልነቱንም ልበላ ነው። ሐያትዬ፣ ቡርያኑን ለመጀመሪያው ጠዋት ያዝኩት፤ እህቴ አጠገቤ ሻይ ትጠጣለች፣ ተስማምተናል። እዚያ ገበያ ለእሷ የሚሆን ነገር አለ?

ሌላ አንድ ጥያቄ። ከቀኖቻችን አንዱ እሑድ ላይ ይውላል። የትሪ ቤቶቹ እሑድ ይሠራሉ?


ሐያት ጨርቃጨርቅ፦

ለእሷ ሥጋ የሌለበት ቺ ኮፍቴ ግዢላት፣ የትም አለ። የተከካ ስንዴ በቅመምና በበርበሬ በእጅ ታሽቶ፣ ሰላጣ ቅጠል ውስጥ ሎሚ ተጨምቆበት ይጠቀለላል። ጥንት በጥሬ ሥጋ ነበር የሚሠራው፣ አሁን ሱቅ ላይ የሚሸጠው ሥጋ የለውም። ያቃጥላል፣ ትወደዋለች። ቡርያን ቤት ገብታ መብላት ግን አትችልም፣ ቀድማ ትብላ ወይም ይዛ ትዙር።


የካድኮዩ ልጅ፦

እሑድ ንግድ የሚበዛባቸው ሠፈሮች ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ደንበኛቸው ሠራተኛ ነው፣ ሠራተኛ ከሌለ ምን ይሠራሉ? ትልቁ ባዛር ራሱ እሑድ አይከፈትም፣ ዙሪያውም ጭር ይላል። ስለዚህ ኤስናፍ ሎካንታን ለሥራ ቀን አድርጉት፤ እሑድን ለካድኮይ። የገበያው መንገዶች እሑድም ሰው በሰው ናቸው።

ከላሌሊ ትራሙን ይዛችሁ ኤሚኖኑ ውረዱ፣ የካድኮይ ጀልባ የሚለውን በር ፈልጉ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ቺያ ያለው ጉኔሽሊባህቼ መንገድ ላይ ነው፣ ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ገበያው ስትገቡ። ከእኩለ ቀን በፊት ድረሱ። ኢስታንቡልካርት አንድ ከገዛችሁ ለሁለታችሁም እየነካችሁ ማለፍ ይቻላል፤ ሒሳብ መሙላቱን ብቻ አትርሱ፣ ማሽኑ ትራም ጣቢያው ላይ አለ።